ተጨማሪ መረጃ፦ የመዝገብ ቤቱ ቁልፍ በማን እጅ ነው?
ዐቃቤ መዝገቡ ቁልፉን ይዞ፣ የትኛው ሰነድ በማን እንዲነበብ እንደሚፈቅድ ሁሉ፣ በከሚሴ ከተማ የሚገኝ የዞን መሥሪያ ቤትም ከባቲ፣ ከደዋ ጨፋና ከጅሌ ጥሙጋ ወረዳዎች የተሰበሰበ ሠንጠረዥ በጎግል ድራይቭ ሲያጋራ፣ ከሦስቱ ሥልጣናት፣ ይኸውም ከማንበብ፣ አስተያየት ከመስጠትና ከማረም፣ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ሥራው የሚጠይቀውን ብቻ መስጠት ይገባዋል። የሠንጠረዡን የአፋን ኦሮሞ ጽሑፍ ከአማርኛው ጋር የሚያመሳክር ተርጓሚ፣ ስሕተት ያየበትን ቦታ በአስተያየት ቢያመለክት ይበቃዋል፤ አኀዙን ማረም የሰነዱ ባለቤት ፈንታ ነውና። እጅግ የሚያሰጋው ግን «ሊንኩ ያለው ሁሉ» የሚለው ምርጫ ነው፤ ሊንኩ በቴሌግራም ከእጅ ወደ እጅ በተላለፈ ጊዜ የባለጉዳዮች ስምና ስልክ ቁጥር፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 እንዲጠበቅ ያዘዘው ምሥጢር ሁሉ፣ በአደባባይ ይሰጣል። ሠራተኛ ሲዛወርም የቢሮ ቁልፍ እንደሚያስረክብ፣ ፈቃዱ በዚያው ዕለት ሊሰረዝ ይገባል።