ኳስ እንጀራ የሆነለትና ያልሆነለት

ገና ሲደርስ በሐይቅና በአምባሰል ሜዳ ጎበዛዝት ቆልማማ ዱላ ይዘው ሩር ሲያሳድዱ እያየ ያደገ አንባቢ፣ ጃፓኖች ስለሚወዱት ስለ ቤዝቦል ቢነገረው ብዙ አይደንቀውም። አንዱ ትንሽ ጠንካራ ኳስ ይወረውራል፤ ሌላው በዱላ ይመታል። የተመታችው ኳስ ከአጥሩ ማዶ ከወደቀች ‹‹ሆም ራን›› ትባላለች፤ መቺውም ማንም ሳይከለክለው ሜዳውን ዞሮ ነጥብ ያስቈጥራል። ልዩነቱ፣ እኛ በዓሉ ሲያልፍ ዱላችንን እናስቀምጣለን፤ በጃፓን ግን ከ1928 ዓ.ም. ጀምሮ ጨዋታው በደመወዝ የሚሠራ ሙያ ሆኗል። የእኛም ቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን የተመሠረተው በዚያው ዓመት ነው፤ ያለ ደመወዝ።

የዚያ ሙያ ታላቅ ሰው ሳዳሃሩ ኦ ነው። በ1932 ዓ.ም. በቶኪዮ ከተማ፣ ከቻይና ከመጣ አባት ተወለደ። በ1951 ዓ.ም. ዮሚዩሪ ጃያንትስ የሚባለው ቡድን ቀጠረው። በመጀመሪያው ዓመት ግን ዱላው ከኳሱ ይልቅ ነፋሱን ይመታ ስለ ነበር ተመልካቹ በስሙ እየቀለደ ያፌዝበት ጀመር። ደመወዝ የሚበላ ሰው ሲስት የሚታዘንለት እንዳይመስልህ!

አሠልጣኙ ሂሮሺ አራካዋ አንድ እግሩን አንሥቶ እንዲቆም አደረገው። በሐይቅ ዳር በአንድ እግሯ ቆማ ዓሣ የምትጠብቅ ወፍ ያየ ሰው አቋቋሙን ያውቀዋል። ደግሞም የጃፓን ሰይፍ አስይዞ ከጣሪያ የተንጠለጠለ ወረቀት ያስቈርጠው ነበር። ቀላል የሚመስለው ይሞክረው፤ ወረቀቱ ይሸሻል እንጂ አይቈረጥም። ኦ በሰኔ 1954 ዓ.ም. በአንድ እግሩ ቆሞ መምታት ጀመረ፤ ከዚያ በኋላ የሚመልሰው አልተገኘም። አበበ ቢቂላ በቶኪዮ ማራቶንን ባሸነፈበት በ1964 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ ኦ 55 ሆም ራን መታ። ነሐሴ 28 ቀን 1969 ዓ.ም. 756ኛውን መትቶ የአሜሪካዊውን የሃንክ አሮንን ቍጥር አለፈ። በ1973 ዓ.ም. ሲያቆም 868 ደርሶ ነበር።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በዚያው በ1954 ዓ.ም. የኦ እኩያ የሆነው መንግሥቱ ወርቁ፣ የቅዱስ ጊዮርጊሱ አጥቂ፣ አዲስ አበባ ላይ ለአፍሪካ ዋንጫ ተሰልፎ ነበር። ጥር 6 ቀን ቱኒዚያ 2 ለ0 ስትመራ ቈይታ ኢትዮጵያ 4 ለ2 አሸነፈች፤ ከአራቱ ሁለቱ የመንግሥቱ ናቸው። በሳምንቱ ለፍጻሜው ግብፅ መጣች። ሁለት ጊዜ መራች፤ ሁለት ጊዜ አቻ ሆነች። ጨዋታው ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ባያገባ ኖሮ ዋንጫው ወደ ካይሮ ይሄድ ነበር። በተጨማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱም በመጨረሻው አራተኛውን ጨመሩ። አሠልጣኙ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ፤ ዋንጫውን ንጉሠ ነገሥቱ ለሉቻኖ ሰጡ።

በዚያ ዘመን የኢትዮጵያ እግር ኳስ የአማተር ጨዋታ ነበር። ተጫዋቹ እንጀራውን የሚያገኘው ከሌላ ሥራ ነው፤ ቀን እንደ ማናቸውም ሠራተኛ ውሎ ልምምዱን በትርፍ ሰዓቱ ያደርጋል። ከመሥሪያ ቤት ወጥቶ ማታ ትምህርት ቤት የሚገባው አንባቢያችን ይህን ኑሮ ማንም ሳያስረዳው ያውቀዋል። ‹‹ቢከፈለው ኖሮ የት ይደርስ ነበር?›› የሚሉ አሉ። እኔ ግን ጥያቄው መንግሥቱን ያሳንሰዋል እላለሁ፤ በአፍሪካ ዋንጫ ያገባቸው ዐሥር ግቦች የተገኙት ደመወዝ ከሚበሉት በማያንስ ልፋት ነው። ይልቅ የሚያሳዝነው፣ ልጃቸው የጨርቅ ኳስ ሲያንከባልል ‹‹ይህ እንጀራ አይሆንም›› ይሉ የነበሩት ወላጆች በጊዜው ትክክል መሆናቸው ነው።

ሁለቱም ሜዳውን ከለቀቁ በኋላ አሠልጣኞች ሆኑ። መንግሥቱ በ1974 ዓ.ም. ሊቢያ ላይ ለተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ብሔራዊ ቡድኑን መርቶ ሄደ፤ በታኅሣሥ 2003 ዓ.ም. ዐረፈ። ኦ ደግሞ በ1998 ዓ.ም. ጃፓንን መርቶ የመጀመሪያውን የዓለም ቤዝቦል ክላሲክ ዋንጫ ወሰደ።