ጭንቅላቱን ተመቶ ወደ ትምህርት ቤት የሚመለስ ልጅ

አንድ ልጅ ኳስ ሲጫወት ወድቆ ጭንቅላቱን ተመታ እንበል። ሆስፒታል ሄዶ ሲቲ ስካን ተነሳና «ምንም የለበትም» ተባለ። አልሐምዱሊላህ ተብሎ በሦስተኛው ቀን ክፍል ገባ። ግን ከሰሌዳ መገልበጥ ያቅተዋል፣ ጫጫታ ያስጨንቀዋል፣ የሚያውቀውን ይረሳል። መምህሩም «ሰነፍክ» ይሉታል።

ስንፍና ላይሆን ይችላል። ሐኪሞች ኮንከሽን የሚሉት የአንጎል መናወጥ በሲቲ ስካን አይታይም፤ ምርመራው የሚፈልገው የደም መፍሰስንና የአጥንት ስብራትን ነው። ኮንከሽን የሚያውከው የአንጎልን አሠራር ነው። ፋሻም ቁስልም ስለሌለው ደግሞ ማንም አያዝንለትም።

ድሮ «እስኪድን ጨለማ ክፍል ይተኛ» ይባል ነበር። ዛሬ ባለሙያዎች የሚመክሩት ከ24 እስከ 48 ሰዓት ቀለል ያለ እረፍት ነው፤ በዚህ ጊዜ ስልክና ቴሌቪዥን ይቀነሳል። ከዚያ ቤት ውስጥ ከ5 እስከ 15 ደቂቃ በማንበብ ተጀምሮ ቀስ እየተባለ ይጨመራል። ራስ ምታቱ ጥቂት ብሶ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ከተመለሰ አያሳስብም፤ ከዚያ ካለፈ መቀነስ ነው። አብዛኞቹ ልጆች በ4 ሳምንት ውስጥ ይድናሉ፤ ትምህርት ለመጀመር ግን ሙሉ በሙሉ እስኪድኑ መጠበቅ አያስፈልግም።

ወላጆች የሐኪሙን ወረቀት ይዘው የክፍል ኃላፊውን መምህር ያነጋግሩ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ግማሽ ቀን ይማር፣ ጠዋት ሰልፍ ላይ ፀሐይ ውስጥ አይቁም፣ ማስታወሻ ከጓደኛው ይውሰድ፣ ፈተናው ይራዘምለት። 70 ተማሪ ያለው ክፍል ለያዘ መምህር ይህ ቀላል አይደለም፤ ፈተና ማራዘም ግን ወጪ የለውም።

ብዙ ጊዜ የምንረሳው መድረሳውን ነው። ከትምህርት ቤት መልስ በቀጥታ ሒፍዝ የሚቀመጥ ልጅ አንጎሉ አላረፈም። እየተወዛወዙ መቅራትም ማዞሩን ያብሰዋል። ኡስታዙ ይወቁት፤ ለጊዜው አዲስ ሒፍዝ ይቅርና የሐፈዘውን ያዳምጥ። ሩኩዕና ሱጁድ የሚያዞረው ከሆነ ኢስላም ለታመመ ሰው ተቀምጦ መስገድን ፈቅዷል፤ በጾምም ለበሽተኛ ሩኽሳ አለው።

ኳስ የመጨረሻው ነው። ሙሉ ቀን ያለ ሕመም መማር ሳይችልና ሐኪም ሳይፈቅድ ሜዳ አይግባ። በ2006 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ዛከሪ ሊስቴት የተባለ የ13 ዓመት ተማሪ ጭንቅላቱን ተመቶ በዚያው ጨዋታ ወደ ሜዳ ተመለሰ፤ አንጎሉ ውስጥ ደም ፈሰሰና ለከባድ የአካል ጉዳት ተዳረገ። ግዛቱ በ2009 በስሙ ሕግ አወጣ። በሲያትል አካባቢ ልጆች የምታሳድጉ ወገኖች፣ የተመታ ተጫዋች ያለ ጤና ባለሙያ የጽሑፍ ፈቃድ እንዳይመለስ የሚከለክለው ይህ ሕግ ነው።

ልጁ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ከእንቅልፍ መቀስቀስ ካቃተ፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ንግግሩ ከተኮላተፈ ወይም አንዱ የዓይኑ ብሌን ከሌላው ከሰፋ፣ ሌሊትም ቢሆን በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።