ተጨማሪ መረጃ፦ የስኪዞፍሬኒያ መድኃኒትና የአይጥ ትውስታ

ስኪዞፍሬኒያ በይበልጥ የሚታወቀው ታማሚው የሌለ ድምፅ በመስማቱ ቢሆንም፣ ብዙዎችን ከትምህርትና ከሥራ የሚያርቃቸው የማስታወስና የትኩረት አቅም መዳከም ሲሆን፣ በአገልግሎት ላይ ያሉት መድኃኒቶች ለዚህ ችግር የሚሰጡት ጥቅም እጅግ አነስተኛ ነው። አዲስ መድኃኒት የሚፈትሹ ተመራማሪዎች፣ ግሉታሜት የተባለው የአንጎል መልእክት አስተላላፊ ኬሚካል የሚያርፍበትን ኤንኤምዲኤ የተሰኘ ተቀባይ የሚዘጋውን ፌንሳይክሊዲን ለአይጦች ለተወሰኑ ቀናት ይሰጣሉ። ጤነኛ አይጥ ቀድሞ ካየው ዕቃ ይልቅ አዲሱን ረዘም ላለ ጊዜ እያሸተተ የመመርመር ተፈጥሯዊ ዝንባሌ ሲኖረው፣ ፌንሳይክሊዲን የተሰጠው ግን ሁለቱን ሳይለይ በእኩል ስለሚመረምራቸው፣ ይህን የመለየት ችሎታ የመለሰ መድኃኒት ተስፋ ሰጪ ተደርጎ ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. በ1988 በተመራማሪዎቹ በኤናሰርና በዴላኩር የቀረበው ይህ ፈተና ሽልማትም ሆነ ቅጣት ስለማይፈልግ በብዙ ቤተ ሙከራዎች ተመራጭ ሆኗል። ይሁን እንጂ ዕቃን መለየት፣ ሰው ንግግርን ለመከታተልና ዕቅድ ለማውጣት ከሚጠቀምበት ውስብስብ ትውስታ ጋር አንድ አይደለም፤ በእንስሳት ላይ ትውስታን ያሻሻለው አይክለፐርቲን የተባለ መድኃኒት እንኳ፣ እ.ኤ.አ. በ2025 ይፋ በሆነው የሦስተኛ ምዕራፍ የሰው ሙከራ፣ ፈዋሽ ንጥረ ነገር ከሌለው ማነጻጸሪያ እንክብል የተሻለ ሆኖ አለመገኘቱ እጅግ የሚያሳዝን ነው።