ፍሎራይድን የምታነብ ክሪስታል

ከሶዶ ወደ አባያ ሐይቅና ወደ ብላቴ ቆላ ሲወረድ ጉድጓድ ለሚቆፍር ሰው አንድ ጥያቄ ይመጣል፦ ፍሎራይዱ ስንት ነው? የስምጥ ሸለቆ እሳተ ገሞራ አለት ውስጥ የቆየ ውሃ ፍሎራይድ ያሟሟል። ውሃው ውስጥ ካልሲየም ካነሰ ደግሞ አስሮ የሚያስቀረው የለም። የዓለም ጤና ድርጅት ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ከዚያ አልፎ ለዓመታት ሲጠጣ የልጆች ጥርስ ይበልዛል፤ እጅግ ሲበዛ አጥንትም ይጎዳል። ፍሎራይዱ ግን በዓይን አይለይም።

መለኪያው ሁሌም ይደንቀኛል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተሠራው ኤሌክትሮድ ጫፉ ላይ የላንታነም ፍሎራይድ ክሪስታል አለች። ትንሽ ኤውሮፒየም ሲጨመርባት በውስጧ ባዶ ቦታዎች ይፈጠራሉ፤ የፍሎራይድ አዮኖች ከአንዱ ባዶ ቦታ ወደ ሌላው እየዘለሉ ያልፋሉ። ሌሎች አዮኖች ግን መተላለፊያ የላቸውም። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ፍሎራይዱ 10 እጥፍ ሲጨምር ንባቡ 59 ሚሊቮልት ገደማ ይወርዳል።

በፈር (የውሃውን ፒኤች የሚያረጋጋ ድብልቅ) ሳትጨምሩ ግን አታንብቡ። ውሃው አሲዳም ከሆነ ፍሎራይዱ ከሃይድሮጅን ጋር ተጣብቆ ከንባቡ ያመልጣል፤ አልካላይነቱ እጅግ ሲበዛ ሃይድሮክሳይድ ክሪስታሏን ያታልላል። አሉሚኒየም ካለም ፍሎራይዱን ይይዘዋል። ስለዚህ በፈር ጨምረን ፒኤቹን ከ5 እስከ 5.5 እናደርጋለን።

ብዙ እናቶች «ውሃውን ብናፈላውስ?» ይሉኛል። ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ፍሎራይድ አያስወጣም፤ ውሃው በተነነ ቁጥር የቀረው ውስጥ መጠኑ ይጨምራል። እባካችሁ፣ ፓምፕ ከመተከሉ በፊት ይለካ።