ካንሰርን አገር ላገር የፈለገው ቀዶ ሐኪም

ከደባርቅ ተነስቶ ሊማሊሞን የሚወርድ መንገደኛ ዛሪማ ሳይደርስ ጋቢውን ያወልቃል። የስሜን ደገኛ ቆላ ማደርን ከጥንት ጀምሮ የሚሸሸው ንዳድን (ወባን) ፈርቶ ነው፤ በሽታ አገር እንደሚመርጥ ከሐኪሞች ቀድሞ ያውቃል። ይህን አስተሳሰብ ወደ ካንሰር ካመጡት አንዱ አየርላንዳዊው ቀዶ ሐኪም ዴኒስ በርኪት ነው። በርኪት በ1911 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ተወለደ፤ በልጅነቱ አንድ ዓይኑን አጣ፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ኡጋንዳ ገባ። በ1957 ካምፓላ በሚገኘው ሙላጎ ሆስፒታል መንጋጋው ግራና ቀኝ፣ ላይና ታች ያበጠ ሕፃን አሳዩት። ብዙም ሳይቆይ ጂንጃ ላይ ተመሳሳይ እብጠት ያለበት ሌላ ሕፃን አየ፤ ሆዱን ሲዳስሰው እዚያም ዕጢ አገኘ። እንዲህ የተሰራጨና ፈጥኖ የሚያድግ ዕጢ በቢላዋ አይሸነፍም። ስለዚህ በሽታው የት የት እንደሚገኝ ይጠይቅ ጀመር፤ ታላቅነቱም እኔ እስከምረዳው ከዚህ ይጀምራል።

ለአፍሪካ ሆስፒታሎች መጠይቅ በተነ፤ በ1961 ደግሞ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በአሮጌ መኪና 16,000 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በየሆስፒታሉ ጠየቀ። በሽታው ሙቀትና ዝናብ ባለበት ቆላ በዝቶ፣ በከፍታ ቦታ ጠፍቶ ተገኘ፤ ካርታው የወባን ካርታ መሰለ። ትንኝ ካንሰር ታስተላልፋለች ተብሎ ቢጠረጠርም ግምቱ ልክ አልነበረም። በዚያው ዓመት ለንደን ላይ ንግግሩን ያዳመጠው ተመራማሪ አንቶኒ ኤፕስታይን ከባልደረቦቹ ጋር በ1964 ከዕጢው ቫይረስ አገኘ፤ ቫይረሱ በምራቅ የሚተላለፍ ሲሆን፣ የወባ ድርሻ ሰውነት ቫይረሱን የሚቆጣጠርበትን አቅም ማዳከም ነው።

ካርታ ሕፃን አያድንም፣ ያዳነው መድኃኒት ነው የሚል ይኖራል። እውነት አለው። መድኃኒቱን ቀድመው ከሞከሩት አንዱ ግን ራሱ በርኪት ነበር፤ የጨረር ሕክምና በሌለበት አገር የአንዳንድ ሕፃናት ዕጢ በቀናት ውስጥ ሲሟሽሽ አይቷል።

ይህ ሁሉ ለደጋው ሰው ምን ይፈይዳል ለሚል መልሱ የሰሜን ጎንደሩ ዳባት ወረዳ ነው። ወረዳው ከ1,000 ገደማ እስከ 2,500 ሜትር በላይ ከፍታ፣ ቆላና ደጋ አቅፏል። በ1996 የተጀመረው የዳባት የሕዝብና የጤና ክትትል በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሥር ልደትና ሞትን ይመዘግባል፤ ሰው ሲሞት መረጃ ሰብሳቢው ቤተሰቡን ስለ ሕመሙ ይጠይቃል። ሆኖም «ሆዱን አሞት፣ ከስቶ ሞተ» ከሚል ቃል የጨጓራ ካንሰርን ከቲቢ መለየት ያስቸግራል። የአዲስ አበባው የካንሰር መዝገብ ደግሞ የተከፈተው በ2011 ነው፤ የከተማ መዝገብ ስለ ስሜን አይናገርም። ሕክምና ሩቅ ሆኖ መቁጠር ከንቱ ነው ማለትም ያስኬዳል፤ ግን ያልተቆጠረ በሽተኛ በጀትም ሐኪምም አይመደብለትም። የሰሜን ጎንደር ዞን ጤና መምሪያና ዩኒቨርሲቲው የደባርቅ ሆስፒታልን ካርድ፣ የጎንደርን የናሙና ምርመራ ውጤትና የዳባትን መዝገብ በአንድ መለያ ቁጥር ያስተሳስሩልን።