የመድኃኒት ዱቄትና ማይክሮስኮፕ

ዕፅ በቁሙ ሳለ በቅጠሉ ቅርጽ፣ በአበባው ሕብርና በግንዱ ልጣጭ ይታወቃል፤ ደርቆ በሙቀጫ ከተወቀጠና በወንፊት ከተነፋ በኋላ ግን፣ ዛፉን ከልጅነቱ ጀምሮ ለይቶ ለሚያውቀው መድኃኒት አዋቂ እንኳ ከቀለም፣ ከሽታና ከጣዕም በቀር የሚይዘው ምልክት አይቀርለትም፤ እነዚህም ሦስቱ በዕድሜ የሚደበዝዙ፣ ባዕድ ዱቄት ሲቀላቀልባቸውም በቀላሉ የሚያሳስቱ ናቸው። የዱቄቱ ማንነት ሲሳት በሽተኛው ፈውሱን ያጣል፤ አንዳንድ ጊዜም መርዝን በመድኃኒት ስም ይጠጣል። ስለዚህ የዱቄቱን ማንነት ከራሱ ከዱቄቱ መርምሮ የሚያስረዳ ጥበብ አስፈለገ፤ እርሱም በማይክሮስኮፕ የሚደረገው ምርመራ ነው።

ሙቀጫና ወፍጮ የቅጠሉን መልክ ያጠፋሉ እንጂ ቅጠሉ የተሠራባቸውን ረቂቃን ሕዋሳት ፈጽመው አያጠፉም። መርማሪው ከዱቄቱ ጥቂት ቆንጥሮ በጠፍጣፋ መስተዋት ላይ ያኖርና ክሎራል ሃይድሬት የሚባለውን ፈሳሽ ጠብ ያደርግበታል፤ በለዘብተኛ እሳት አሙቆም በስስ መስተዋት ከሸፈነው በኋላ ከ100 እስከ 400 እጥፍ በሚያጎላ መነጽር ይመለከተዋል። ይህ ፈሳሽ አረንጓዴውን ቀለምና ስታርቹን አስወግዶ የሕዋሳቱን ግድግዳ፣ የቅጠሉን ጠጉርና የአየር መተላለፊያ ቀዳዳዎች አጥርቶ ያሳያል። ስታርቹ ራሱ የሚፈለግ እንደ ሆነ ግን ሌላ ቁንጥር ዱቄት በውኃ ይዘጋጃል፤ አዮዲን ሲነካውም ስታርቹ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይለወጣል፤ የድንቹ ቅንጣት ትልቅና ሞላላ፣ የበቆሎው ባለ ብዙ ማዕዘን፣ የሩዙ እጅግ ደቃቅ በመሆኑ፣ ሚዛን ለማሳደግ የተጨመረ የእህል ዱቄት ከዚህ ምርመራ አያመልጥም።

ከምልክቶቹ ሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው በሕዋሳቱ ውስጥ የሚገኘው የካልሲየም ኦክሳሌት ክሪስታል ነው። እኛ አስተናግር የምንለው ዕፅና በአውሮፓ መድኃኒት ቀማሚዎች ዘንድ የታወቁት ቤላዶናና ሄንቤን ከአንድ ወገን የተወለዱ፣ ሦስቱም ኃይለኛ መርዝ ያለባቸው ናቸው፤ ቅጠላቸው ከተፈጨ በኋላም በዓይን ለመለየት ያስቸግራል። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ግን የቤላዶናው ክሪስታል እንደ ደቃቅ አሸዋ የተበተነ፣ የአስተናግሩ ሾጣጣ ጫፎች ያሉት ድብልብል፣ የሄንቤኑ ደግሞ በአመዛኙ ነጠላና ባለ ማዕዘን ሆኖ ይገኛል።

ለአገራችን ሰው ከዚህ የሚቀርበው ምሳሌ ኮሶ ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ በ1790 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ስለዚህ ዛፍ ለአውሮፓ ሊቃውንት ከገለጸ በኋላ፣ በ19ኛው ምዕተ ዓመት የኮሶ አበባ በባሕር ማዶ የመድኃኒት መጻሕፍት ውስጥ ገብቶ ነበር። የኮሶ ወንዴና ሴቴ አበባ በተለያየ ዛፍ ላይ የሚያብብ ሲሆን፣ ለመድኃኒት የሚመረጠው ቀላ ያለው የሴቴው አበባ ነው። ሁለቱ ተቀላቅለው ሲፈጩ ቅልቅሉን ዓይን አይለየውም፤ ነገር ግን የጽጌው ብናኝ የሚፈልቀው ከወንዴው ብቻ ስለ ሆነ፣ በዱቄቱ ውስጥ ብናኙ በብዛት ሲታይ የወንዴው አበባ መደባለቁ ይገለጣል።

የዚህ ጥበብ ማኅበራዊ ጥቅም ጎልቶ የታየው በለንደን ነው፤ ሐኪሙ አርተር ሂል ሃሳል ከ1850 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በገበያ የሚሸጠውን የተፈጨ ቡና በማይክሮስኮፕ መርምሮ፣ የቺኮሪ ሥር የተቀላቀለበት መሆኑን ገለጠ፤ የእርሱና የባልደረቦቹ ሥራም በ1860 ምግብን ከባዕድ ነገር መደባለቅን የሚከለክለው ሕግ እንዲወጣ መንገድ ጠረገ።

ሆኖም የማይክሮስኮፕ ሥልጣን ወሰን አለው። ተፈልቶና ተጠልሎ ጭማቂው ብቻ የቀረ መድኃኒት ሕዋስ ስለማይገኝበት በዚህ መንገድ አይመረመርም፤ ዱቄቱ እውነተኛ መሆኑ ቢታወቅም የፈዋሽነቱ ኃይል መጠን የሚለካው በኬሚስትሪ ነው። ከሁሉም በላይ መርማሪው ያየውን የሚያስተያይበት፣ ማንነቱ በዕፅዋት ሊቅ የተረጋገጠ ናሙና ያስፈልገዋል። ስለዚህ ዕፁን የሚለቅመው፣ የሚፈጨውና የሚሸጠው ሰው፣ ከእያንዳንዱ ዱቄት ጋር ያልተፈጨ ቅጠልና አበባ ከነተለቀመበት ስፍራና ቀን መዝግቦ ቢያኖር፣ ከአባቶች የወረስነው የመድኃኒት ዕውቀት በማናቸውም ጊዜ ተመርምሮ የሚረጋገጥ ይሆናል፤ በሽተኛውም የታዘዘለትን ዕፅ ራሱን ያገኛል።