ልብስ መስቀያ የሆነው ወንበር

በታላቅ እህቴ ቤት፣ ከሳሎኑ ጥግ፣ አንድ ወንበር ነበር። ወንበር ይባል እንጂ የሚቀመጥበት ሰው አልነበረውም። በመደገፊያው ላይ የታጠበ ልብስ ይሰጣበታል፤ ከፊቱ ባለው ገበታ ላይ የቡና ዕቃ ይቀመጥበታል፤ ከሥሩ ደግሞ የልጆች ጫማ ይከማቻል። የተሰጣት ግን ለዚህ አልነበረም። መቀመጥም ሆነ አንገቱን ቀጥ አድርጎ መያዝ ለማይችለው ለሦስተኛ ልጇ ነበር። ልጁ በዚያው ሳሎን፣ ከወንበሩ ሁለት እርምጃ ርቆ፣ ምንጣፍ ላይ በጀርባው ተንጋሎ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

ውድ አንባብያን! ይህን የምጽፈው የእህቴን የቤት ገመና አደባባይ ለማውጣት አይደለም፤ ፈቃዷን ጠይቄአለሁ። «ጻፈው እንጂ ወንድሜ፤ ስንቷ እናት እንደኔ ወንበሩን ታቅፋ ተቀምጣለች» ነው ያለችኝ። ሐኪም አይደለሁም። ቀን በትምህርት ቤት ሳይንስ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ደግሞ በመድረሳ ቁርኣን የማስተምር መምህር ነኝ። እዚህ የማሰፍረው ከባለሙያ የሰማሁትንና በእጄ ብሎን ፈትቼ ያየሁትን ብቻ ነው።

ልጁ ሴሬብራል ፓልሲ የሚባለው ጉዳት አለበት። በማደግ ላይ ያለ አንጎል በእናቱ ማኅፀን ሳለ፣ በወሊድ ጊዜ ወይም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሲጎዳ የሚከተል የእንቅስቃሴና የሰውነት አያያዝ ችግር ነው። ምጥ ረዝሞ ሕፃኑ አየር ሲያጥረው፣ ያለ ጊዜው ሲወለድ፣ ከተወለደ በኋላ ዓይኑና ቆዳው ቢጫ ሆኖ በጊዜ ሳይታከም ሲቀር፣ ወይም ማጅራት ገትር ሲይዘው ሊመጣ ይችላል። ዊሊያም ጆን ሊትል የሚባል የለንደን ሐኪም አስቸጋሪ ወሊድ ከልጆች እግር መገተር ጋር ያለውን ግንኙነት እ.ኤ.አ. በ1861 ለባልደረቦቹ ስላቀረበ፣ አንዱ ዓይነት ለረጅም ጊዜ «የሊትል በሽታ» ሲባል ኖሯል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። የአንጎሉ ጉዳትም ራሱ እየባሰ አይሄድም። የሚብሰው ሰውነቱ ነው፤ ሁልጊዜ በአንድ ጎን የተኛ ልጅ ጀርባው ይጎብጣል፣ ጅማቱ ያጥራል፣ የዳሌው አጥንት ከቦታው ሊወጣ ይችላል።

ጎረቤት ግን «ዓይን ነው» ይላል፤ ሌላው «ጂን ነው» ይላል። እህቴም ሁለት ዓመት ሙሉ ከዚህ ወደዚያ ተንከራተተች። ዱዓ ማድረግን ማን ይከለክላል? ነገር ግን ዱዓ ማድረግና ልጁን አንጋሎ ወተት ማጠጣት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ወንበሩ የመጣው በ2015 ዓ.ም. ነው። ልጁ ያኔ አምስት ዓመቱ ነበር። ከሰጪው ድርጅት የመጡት ሰዎች እህቴን አስፈረሟት፤ ልጁን ወንበሩ ላይ አድርገው ፎቶ አነሱ፤ ቡና ቀመሱና ሄዱ። ሜትር ያወጣ የለም፤ ብሎን የነካ የለም። ውለታቸውን አልክድም፤ ወንበሩ ጥሩ ወንበር ነው። ልብስ ቢሆን ግን ሳይለኩ ይሰጡ ነበርን? በማግስቱ እህቴ ልጁን ስታስቀምጠው እንደ ቀስት ተገተረ፤ መቀመጫው ወደ ፊት ተንሸራተተ፤ የደረቱ ማሰሪያ አገጩ ሥር ደረሰ፤ ጮኸ። ሦስት ቀን ሞከረች። በአራተኛው ቀን እኔ ተጠራሁ፤ አዋቂ ነኝ ብዬ ማሰሪያውን ይበልጥ አጠበቅሁት። ይበልጥ ጮኸ። ከዚያ በኋላ ነው ልብስ የተሰቀለበት።

በዚያው ዓመት ክረምት ልጁ ሁለት ጊዜ በሳንባ ምች ሆስፒታል ተኛ። በሁለተኛው ጊዜ አላህ ይርዳን እንጂ ይተርፋል ብሎ የገመተ ሰው አልነበረም። ትኩሳቱ ጋብ ሲልለት አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ መጥታ፣ «እንዴት እንደሚያበሉት ያሳዩኝ እስቲ» አለቻት እህቴን። እህቴ እንደ ልማዷ ልጁን በክንዷ ላይ አንጋላ፣ አንገቱን ወደ ኋላ ጥላ፣ በማንኪያ አጥሚቱን ከላይ አፈሰሰችለት። ልጁ አሳለው፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «እንዲህ ሲሆን ከምግቡ የተወሰነው ወደ ሳንባው ይገባል» አለች ባለሙያዋ ቀስ ብላ። «ሳንባው በየጊዜው የሚታመመው በዚህ ሊሆን ይችላል። ደገፍ አድርጎ የሚያስቀምጠው ወንበር የላችሁም?»

እኔና እህቴ ተያየን።

በሳምንቱ ወንበሩን በባጃጅ ጭነን ወሰድንላት። ማሰሪያ የምታስተካክል መስሎኝ ነበር፤ እርሷ ግን ማሰሪያዎቹን ሁሉ ፈትታ ወደ ጎን አስቀመጠቻቸው። ሰው ሁሉ የሚጀምረው ከአንገት ነው፤ ሲወድቅ የሚታየው አንገት ነውና። መሠረቱ ግን ዳሌ ነው። ዳሌው ካልተረጋ ጀርባው አይቆምም፤ ጀርባው ካልቆመ አንገቱን በምን ይሸከመዋል? ቤት የሠራ ሰው ይህን አያጣውም።

ከዚያ ልጁን ለካችው። ከመቀመጫው ጀርባ እስከ ጉልበቱ እጥፋት 26 ሳንቲ ሜትር። የወንበሩ መቀመጫ ጥልቀት 33 ሳንቲ ሜትር። ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነበር። መቀመጫው ከጭኑ ስለሚረዝም የወንበሩ ጠርዝ ከጉልበቱ ሥር እየገፋው ወገቡ መደገፊያው ጋ ሊደርስ አይችልም፤ ስለዚህ ይንሸራተታል። ልጁ አመፀኛ አልነበረም፤ ወንበሩ ነበር የማይሆነው። ደንቡ፣ ልጁ እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ገብቶ ሲቀመጥ በወንበሩ ጠርዝና በጉልበቱ እጥፋት መካከል ሁለት ወይም ሦስት ጣት የሚያስገባ ክፍተት መቅረት ነው። የእኛ ወንበር መደገፊያው በብሎን ወደ ፊት የሚመጣ ሆኖ ተገኘ። ቀዳዳዎቹ በሁለቱም ጎን በረድፍ ተደርድረዋል። ያን ሁሉ ወራት ልብስ ስንሰቅልበት አንዳችንም አላየናቸውም! ወንበራቸው እንዲህ የማይስተካከል ሰዎች ከጀርባ ጠንካራ ስፖንጅ የተለበጠ ጣውላ ያስገባሉ። ትራስ ግን አይሆንም፤ ልጁ ሲገተር ይጨፈለቃል።

ሁለተኛው ትምህርት ልጁን እንዴት እንደምናስገባው ነው። እኛ የተገተረውን ልጅ እንደ እንጨት ወደ ወንበሩ እንገፋው ነበር። እርሷ መጀመሪያ በእቅፏ አድርጋ ጉልበቶቹን አጠፈች፤ እግሮቹን ከፈት አደረገች፤ ጥቂት ታገሠች። ግትርነቱ ሲለቅ እያየን እንደ ታጠፈ አስቀመጠችው። (እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። እናቶቻችን በአንቀልባ ሲያዝሉ የልጁ እግሮች ተከፍተው በእናቱ ወገብ ዙሪያ ይታጠፋሉ። ባለሙያዋ ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ የዳሌ አቀማመጥ ይህ ጥሩ ነው አለችን። እህቴ ግን ልጁ ሦስት ዓመት ሲሞላው ሰው እንዳያይባት ብላ አንቀልባውን ትታው ነበር።)

ከዚያ በኋላ ቀበቶው ይመጣል። እኛ ሆዱ ላይ ነበር የምናስረው። ትክክለኛው ቦታ ከሆድ በታች ጭኑና ዳሌው የሚታጠፉበት ነው፤ አቅጣጫውም ወደ ታችና ወደ ኋላ በ45 ዲግሪ ገደማ ዘንበል ብሎ ነው። እንዲህ ሲሆን ዳሌውን ወደ ወንበሩ ጥግ ይይዘዋል። ጥብቀቱ ከቀበቶው ሥር አንድ ጣት ብቻ የሚያስገባ ይሁን። በጉልበቶቹ መካከል የሚቆመው ትንሽ ግንድም እግሮቹ እንዳይጠላለፉ ለመክፈል እንጂ ልጁ ሲንሸራተት ብሽሽቱ ላይ እንዲያቆመው የተሠራ አይደለም። ልጁ ግንዱ ላይ እየደረሰ ከሆነ ስህተቱ ከበስተጀርባ፣ ከዳሌው ነው።

የእግር ማስቀመጫውን ቀላል ነገር አድርጌ ንቄው ነበር። እግሩ ተንጠልጥሎ የሚቀመጥ ሰው ምን ያህል እንደሚደክመው ለማወቅ ረጅም በርጩማ ላይ ሩብ ሰዓት መቀመጥ ይበቃል። ውስጥ እግሩ ሙሉ በሙሉ እንዲረግጥ፣ ጉልበቱም በ90 ዲግሪ እንዲታጠፍ ማስቀመጫው አራት ቀዳዳ ከፍ አለ። የጎን ድጋፎቹ ከብብቱ ዝቅ ብለው ደረቱን ከግራና ቀኝ ያዙት። ብብቱ ውስጥ መግባት የለባቸውም፤ ደምና ነርቭ ይጫናሉ። ገበታው በክንዱ መታጠፊያ ልክ ሆነ። የአንገት መደገፊያው የተስተካከለው በመጨረሻ ነው። የሚገርመው፣ ያን ጊዜ የቀረው ሥራ ጥቂት ነበር፤ ልጁ አንገቱን ራሱ አቅንቶ እናቱን አያት። አምስት ዓመት ከታች ወደ ላይ ሲያያት የኖረው ልጅ ፊት ለፊት ሲያያት እህቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ወጣች።

አመጋገቡን በተመለከተ ጥቂት ልጨምር፤ ሕይወት የሚያልፈው እዚህ ላይ ነውና። ወንበሩ ወደ ኋላ ሁሉ የሚያጋድል ነው፤ ያ ግን ለዕረፍት ነው። ሲበላ ቀጥ ይላል፤ አገጩም በትንሹ ወደ ደረቱ ዘንበል ይላል። የሚያበላው ሰው ቆሞ ከላይ አያጉርስ፤ ቀና ሲል አንገቱ ወደ ኋላ ይሄዳል። በርጩማ ስቦ ከፊቱ ይቀመጥ፤ ማንኪያውም ከአፉ ትይዩ ወይም ዝቅ ብሎ ይምጣ። ውሃን የመሰለ ቀጭን ነገር በፍጥነት ስለሚወርድ ወፈር ካለ አጥሚት ይልቅ ያስቸግረዋል። ያለፈው ጉርሻ ሳይዋጥ ሌላ አይጨመር። በልቶ ሲጨርስም ወዲያው አይተኛም፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀጥ ብሎ ይቆያል። ሲበላ የሚያስለው፣ ድምፁ የሚርስ ወይም ትኩሳት የሚደጋግመው ልጅ ካለ ወንበር ብቻውን አይበቃምና ለባለሙያ ይታይ።

እህቴ ያን ቀን ወንበሩን ስላገኘች ሌሊቱንም ልታሳድረው ደርሳ ነበር። ይህም ሌላ ጥፋት ነው። መጀመሪያ ዐሥር ደቂቃ፣ ከዚያ ሩብ ሰዓት፣ ሲለምድ ግማሽ ሰዓት፤ ከዚያ በኋላ አቀማመጡ ይለወጣል፤ ምንጣፍ ላይ በሆዱ ወይም በጎኑ ይተኛል። ከወንበር ሲወርድ ልብሱ ተገልጦ መቀመጫው፣ ጀርባውና ማሰሪያ የነካው ቦታ ይታያል። ቆዳው ቀልቶ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካልጠፋ የተጫነው ነገር አለ ማለት ነው። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ መቅላቱ ስለማይለይ በእጅ ነክቶ ሙቀቱንና ጥንካሬውን ማወቅ ይሻላል። ብቻውን ተቀምጦ መተው የለበትም። የሚጥል በሽታ ያለበት ከሆነ ደግሞ የቤቱ ሰው ሁሉ ማሰሪያውን በቶሎ መፍታት ይልመድ። ከከሰል ምድጃና ከጀበና ማራቅንም አደራ፤ እጁ ሳያስበው ይወረወራል።

ወንበሩ የተሰማ ቀን ከጎረቤት ሁለት እናቶች መጡ። ለእነርሱ ወንበር የሚሰጥ አልተገኘም። ሰፈራችን ወዳለ አንድ ሽማግሌ አናጺ ሄድን። «መምህር፣ ሥዕሉን አምጣና ልኬቱን ንገረኝ፤ ሳጥን መሥራት አያቅተኝም» አሉ። እውነትም ሳጥን ነው። ሁለት ጣውላ በማዕዘን ተገጣጥሞ፣ ትከሻን ወደ ፊት የሚያመጣ የጥግ መቀመጫ ሆነ። ዴቪድ ወርነር በሜክሲኮ ገጠር ከአካል ጉዳተኞች ጋር ከሠራው ሥራ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ እንዲህ ያሉ መቀመጫዎች በሥዕል ይገኛሉ። በዚምባብዌ ደግሞ ቤቪል ፓከር የሚባል መምህር ካርቶንና አሮጌ ወረቀት በዱቄት ሙጫ እየደራረበ እንደ እንጨት የሚጠነክር የልጆች ወንበር መሥራትን አስተምሯል። አናጺው ይህን ስነግራቸው ሳቁ፤ በሳምንቱ ግን ካርቶን ሲሰበስቡ አየኋቸው።

ባለሙያዋ በየስድስት ወሩ እንድንለካው አዘዘችን። ከዒድ እስከ ዒድ ይሁን ብዬ ነበር፤ ሁለቱ ዒዶች ግን ባንድ በኩል ይቀራረባሉ፣ በሌላ በኩል ይራራቃሉ። ስለዚህ የትምህርት ቤት መንፈቀ ዓመት በተጀመረ ቁጥር ሜትሩን እይዛለሁ። ወንበሩ የተለካው ለአምና ልጅ ከሆነ ዘንድሮ ያጣምመዋል።

አሁን ሰባት ዓመቱ ነው። ሳንባው ዳግም አልታመመም ብል ውሸት ይሆናል፤ ባለፈው ዓመት አንድ ጊዜ ታሟል፤ ግን ቤቱ ተኝቶ ዳነ። ዐሥር ወር ሆነው፣ ከዐስር በኋላ ከወንበሩ ጋር ወደ መድረሳ ይመጣል። መጀመሪያ «ልጋጉ ይወርዳል፣ ልጆቹን ያዘናጋል» ያሉ ነበሩ። ዓይነ ስውሩ ሶሓባ ኢብን ኡሙ መክቱም የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሙአዚን እንደነበሩ ለልጆች የማስተምር ሰው ይህን ሰምቼ ምን ልበል? በፊተኛው ረድፍ አስቀመጥኩት። ሉሁን ገበታው ላይ ዘንበል አድርጌ በጨርቅ እደግፍለታለሁ። መናገር አይችልም። «ባ የቱ ነው?» ስለው ግን በዓይኑ ይጠቁመኛል፤ ሲሳሳትም ሲያውቅም ይስቃል። ከትናንት ወዲያ ጉልበቱ ወደ ላይ ቀና ብሎ አየሁትና የእግር ማስቀመጫውን አንድ ቀዳዳ ዝቅ አደረግሁለት።